ደቦሎቹን ማን ይጠብቃቸው?

ስለ አንበሳ ቤተሰብ፣ ስለ እንጀራ ልጅና ስለ ቤታችን

አንበሳ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ለአንዳንዶቻችሁ በልጅነታችሁ በስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ከአጥሩ ወዲያ ተጋድሞ ያያችሁት ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሳ ይሆናል። ለሌሎቻችሁ በሰንበት ትምህርት ቤት የሰማችሁት የዳንኤል ታሪክ ይሆናል። ለሁላችንም ግን አንበሳ የኃይልና የንግሥና ምልክት ነው። ጎበዝ ሰው ስናደንቅ «አንበሳ!» እንላለን፤ ያዕቆብም ልጁን ይሁዳን ሲባርክ በአንበሳ ደቦል መስሎታል (ዘፍ. 49፥9)።

ነገር ግን ይህን ኃያል እንስሳ በቤቱ አይተነው እናውቃለን? ደቦሎቹን ማን ያጠባቸዋል? ማን ይጠብቃቸዋል? ከተወለዱትስ ስንቶቹ ያድጋሉ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያስደንቅም የሚያሳዝንም ነው። ይህን ርእስ ያነሣሁት ስለ እንስሳ ያለንን ዕውቀት ለመጨመር ብቻ አይደለም። በአማኞች መካከል በጓዳ እንጂ በአደባባይ የማይወራ አንድ የቤተሰብ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ከሌላ ሰው የተወለደ ልጅ ጉዳይ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት እስቲ ወደ ሰረንጌቲ ሜዳ አብረን እንሂድ።

ቤቱ የሴቶቹ ነው

ሰረንጌቲ በሰሜን ታንዛኒያ የሚገኝ ወደ 15 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ጆርጅ ሻለር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ወደዚያ ሄዶ አንበሶችን አንድ በአንድ እየለየ መከታተል ጀመረ። ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ክሬግ ፓከርና አን ፒዩዚ ሥራውን ተረክበው ለብዙ ዓመታት ቀጠሉበት። እያንዳንዱን አንበሳ የሚለዩት በጢሙ ሥር ባሉት ትናንሽ ነጠብጣቦች ነው፤ እንደ እኛ የጣት አሻራ የሁሉም ይለያያልና። በዚህ መንገድ እናት ከልጅዋ፣ አያት ከልጅ ልጅዋ ታውቀው ተመዘገቡ፤ የዘር ሐረጉ እንደ ዜና መዋዕል መጽሐፍ እየረዘመ ሄደ።

ከዚህ ሁሉ መዝገብ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ብዙዎቻችን ከምናስበው የተለየ ነው። በአንበሳ መንጋ ውስጥ የቤቱ መሠረት ወንዱ ሳይሆን ሴቶቹ ናቸው። እናቶች፣ ልጆቻቸው፣ እኅትማማቾች፣ አክስቶችና የእኅት ልጆች አንድ ላይ ይኖራሉ። አብዛኞቹ ሴቶች በተወለዱበት ምድር ኖረው በዚያው ይሞታሉ። ወንዶቹ ግን መጥተው ይሄዳሉ። አንድ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶች ከውጭ ይመጡና መንጋውን ይይዛሉ፤ ሌሎች ብርቱዎች እስኪያስወጧቸው ድረስም ይቆያሉ። ጎፈር ያለው ወንድ ግርማ አለው፤ የቤቱ ዘመን የሚቆጠረው ግን በሴቶቹ ነው።

ስድስት የመሸሸጊያ ሳምንታት

እንስት አንበሳ የምታረግዘው ለ110 ቀናት ያህል ነው፤ ከአራት ወር አይሞላም። ልትወልድ ስትል ከመንጋው ተለይታ ድንጋያማ ጉብታ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ትፈልጋለች። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቦሎች ትወልዳለች። ሲወለዱ የእያንዳንዳቸው ክብደት ከሁለት ኪሎ አይበልጥም፤ በሰላም ከተወለደ የሰው ሕፃን እንኳ ያንሳሉ። ስድስት ሳምንት ያህል ሸሽጋ ታሳድጋቸዋለች። ስፍራው ያልታመነ ሲሆንባት አንገታቸውን በአፏ ይዛ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ዋሻ ታዛውራቸዋለች።

በእነዚህ ሳምንታት ፈተናዋ ብዙ ነው። ለማደን ስትሄድ ደቦሎቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። ጅብ ያገኛቸዋል፤ ነብር ያገኛቸዋል፤ ጎሽም ካያቸው ይረግጣቸዋል። የአደን እንስሳ በራቀበት ወራት እናቲቱ ወተቷ ይደርቅባታል፤ ትልልቆቹ በልተው እስኪጠግቡ ድረስ ደቦሎቹ ተርፏቸው የሚበሉት ያጣሉ። በሰረንጌቲ ከሚወለዱት ደቦሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይሞሉ ይሞታሉ። የአራዊት ንጉሥ የምንለው እንስሳ ሕፃንነቱ እንዲህ ደካማ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ያውቃል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 19 ስለ እስራኤል አለቆች ሙሾ ሲያወርድ ሕዝቡን ደቦሎችዋን በምታሳድግ እንስት አንበሳ ይመስላል። በዕብራይስጡ በሁለተኛው ቁጥር ብቻ እንስቲቱ፣ አንበሶቹ፣ ጎረምሶቹና ደቦሎቹ በአራት የተለያዩ ቃላት ተጠርተዋል። ቋንቋው ይህን ያህል የለየው ሕዝቡ አንበሳን በቅርብ ስለሚያውቀው ነው። ነቢዩም ተስፋ ያደረገችበትን ልጅ ያጣችን እናት ኀዘን ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አልፈለገም።

አዲሶቹ ወንዶች ሲመጡ

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደርሰናል። ከልጆች ጋር የምታነቡ ከሆነ ይህን ክፍል አስቀድማችሁ ለራሳችሁ አንብቡት።

በሰረንጌቲ አንድ የወንዶች ቡድን መንጋን ይዞ የሚቆየው በአማካይ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በዕድሜ ይደክማል ወይም ይቆስላል፤ ብርቱዎች መጥተው ያባርሩታል። አዲሶቹ ወንዶች መንጋውን በያዙ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራቸው የቀድሞዎቹን ደቦሎች ማጥፋት ነው። ከዘጠኝ ወር በታች ያሉት ከሞት የሚያመልጡት በጭንቅ ነው። ከዓመት በላይ የሆናቸው ሮጠው ሊያመልጡ ይችላሉ፤ አንዳንድ እናቶችም ከእነርሱ ጋር ከመንጋው ወጥተው ይሰደዳሉ። የሰረንጌቲው ጥናት እንደሚያሳየው በመጀመሪያው ዓመት ከሚሞቱት ደቦሎች ሩብ ያህሉ የሚሞቱት በእነዚህ መጤ ወንዶች ነው።

ለምን? ምክንያቱ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። የምታጠባና ደቦል የምታሳድግ እናት ልጆቿ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ እንደገና አታረግዝም። ደቦሎቿ ከሞቱባት ግን በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ለመፀነስ ትዘጋጃለች። አዲሱ ወንድ ደግሞ ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። የሌላውን ልጆች አሳድጎ እስኪጨርስ ቢጠብቅ የራሱ ልጆች ሳይጠኑ ዘመኑ ያልፋል። ስለዚህ የቀድሞውን ዘር አጥፍቶ የራሱን ይተክላል። እርሱም በተራው ሲባረር በልጆቹ ላይ ያው ነገር ይደርሳል። በኢዮብ መጽሐፍ ኤልፋዝ አንበሳ ሲጠፋ ደቦሎች እንደሚበተኑ ይናገራል (ኢዮ. 4፥11)። የአባት መውደቅ የልጆች መበተን መሆኑን የጥንት ሰዎችም አይተውታል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላም እውነት አለ። ተመራማሪዎች የአደን ፈቃድ ስለሚሰጥባቸው አገሮች ሲያጠኑ፣ አንድ አውራ አንበሳ በጥይት ሲወድቅ ሞቱ የአንድ እንስሳ ብቻ እንዳልሆነ ተረድተዋል። የሚጠብቃቸው ሲታጣ መጤዎች ይገባሉ፤ ደቦሎቹም ያልቃሉ። በ2004 የወጣ አንድ ጥናት፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ብቻ ቢታደኑ መንጋዎቹ ሊጸኑ እንደሚችሉ ያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

ድር ቢያብር

ታዲያ እናቶቹ ዝም ብለው ያያሉ? አያዩም። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል፤ በሰረንጌቲ ግን ያበሩት ራሳቸው አንበሶቹ ናቸው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ እናቲቱ ደቦሎቿን ከሸሸገችበት አውጥታ ወደ መንጋው ታመጣቸዋለች። በዚያው ሰሞን የወለዱ ሌሎች እናቶች ካሉ ሁሉም ልጆቻቸውን አንድ ላይ አድርገው ያሳድጋሉ። እናት ከሁሉ በፊት ለራሷ ልጆች ታደላለች፤ ነገር ግን የእኅቷ ደቦል መጥቶ ሲጠባም ብዙ ጊዜ ትታገሣለች። ብዙ ሰው አንበሶች አብረው የሚኖሩት ለአደን እንዲመቻቸው ይመስለዋል። እነፓከር በጥናታቸው ያገኙት ግን ልጆችን ከመጤ ወንዶች መጠበቅና ምድራቸውን ማስከበር ትልቁ ምክንያት መሆኑን ነው። አንዲት እናት ብቻዋን ከእርሷ እጅግ የሚከብደውን ወንድ ልትመልሰው አትችልም። ሁለት ሦስት ሆነው ሲቆሙ ግን ደቦሎቻቸውን የሚያድኑበት ጊዜ አለ።

በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች የአንበሳ ግሳት በድምፅ ማጉያ እያሰሙ ሞክረው ነበር። እናቶቹ የራሳቸውን መንጋ ወንዶች ድምፅ ሲሰሙ ተረጋግተው ተኙ። የማያውቁትን ወንድ ድምፅ ሲሰሙ ግን ተነሥተው ተሰባሰቡ፤ ደቦሎቻቸውንም ይዘው ከስፍራው ራቁ። በዓይን ሳያዩ በድምፁ ብቻ አባትን ከነጣቂ ይለያሉ ማለት ነው። በሌላ ሙከራ ደግሞ የማያውቋቸው ሴቶች ግሳት ሲሰማ፣ የሚያገሡት ስንት እንደሆኑና እነርሱ ስንት እንደሆኑ መዝነው ይቅረቡ ወይም ይቆዩ እንደሚወስኑ ታይቷል።

ከዚህ ላይ ወደ 1ኛ ጴጥሮስ 5፥8 እንመለስ። ሐዋርያው ዲያብሎስን በሚያገሣ አንበሳ ሲመስለው ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚያድን አንበሳ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚቀርበው፤ የሚያገሣ አንበሳ ግን ምድሩ የእኔ ነው እያለ ያስፈራራል። ግሳቱ በተመቸ ሌሊት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። እንግዲህ ሐዋርያው ወዲያው በቁጥር 9 ምን እንደሚል ልብ በሉ። በዓለም ያሉ ወንድሞቻችሁም ያንኑ መከራ እንደሚቀበሉ አስቡ ይላል። ግሳቱን የሰማ ሰው በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ብቻውን አለመሆኑን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ ሙከራዎች ከሴቶቹ መካከል ሁልጊዜ ወደ ፊት የሚወጡና ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩ እንዳሉ ታይቷል። ፊት የምትሄደዋ ዘወር እያለች የቀረችውን ታያለች፤ ማን እንደምትዘገይም ታውቃለች። ይሁን እንጂ አትቀጣትም፤ መሄዷንም አትተውም። የሴቶች ኅብረት መሪ የሆናችሁ እኅቶች ይህን አንብባችሁ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም።

የወንዶቹ ቃል ኪዳን

ወንድ ደቦል ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው ከእናቱ ቤት ይወጣል። ብቻውን ከወጣ ተስፋው ጠባብ ነው። ስለዚህ ወንድማማቾችና የአክስት ልጆች አብረው ይሰደዳሉ፤ አብረው ያድናሉ፤ ሲጎለምሱም አብረው የሌላውን መንጋ ይገጥማሉ። አራትና ከዚያ በላይ የሆኑ ቡድኖች የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለትና ሦስት የሚሆኑት ግን አንዳንድ ጊዜ ምንም ዝምድና የላቸውም፤ በስደት ላይ ተገናኝተው የተጣመሩ ናቸው። የሚገርመው ዘመድ ያልሆኑትም የባዕድ ግሳት ሲሰሙ እንደ ወንድማማቾች እኩል ተነሥተው መሄዳቸው ነው።

በደቡብ አፍሪካ ሳቢ ሳንድ በተባለው ጥብቅ ስፍራ ከ2006 ጀምሮ «ማፖጎ» ተብለው የተጠሩ ስድስት ወንዶች ብዙ መንጋዎችን አሸንፈው ሰፊ ምድር ይዘው ነበር። ስማቸው በዓለም ሁሉ ተሰማ። ይሁን እንጂ በ2010 ሌላ የወንዶች ቡድን መጥቶ ከእነርሱ አንዱን ገደለ። በ2012 ምድሩ ሁሉ ከእጃቸው ወጣ። በጉልበት የተያዘ ቤት በጉልበት ይወሰዳል።

ሌላ ታሪክም አለ። በዚምባብዌ ሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ሴሲል የተባለው አንበሳ በ2015 በአንድ አሜሪካዊ አዳኝ ሲገደል ዜናው ዓለምን አነጋገረ። ብዙዎች ደቦሎቹ በመጤ ወንዶች ያልቃሉ ብለው ፈርተው ነበር። ሴሲል ግን ዝምድና የሌለው አጋር ነበረው። ስሙም በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኢያሪኮ ከምንለው ከተማ የተወሰደ ነው። ይህ አጋር መንጋውን ይዞ ቆየ፤ የተፈራውም ሳይደርስ ቀረ። ኢያሪኮ በ2016 ሞተ። አስቀድሞ ከደቦሎቹ አባት ጋር የቆመ ስለነበረ በደቦሎቹ ላይ እንደ ባዕድ አልተነሣባቸውም።

አንበሳው ኃጢአተኛ ነውን?

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ መልካሙ አምላክ ይህን ለምን ፈቀደ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንበሳ ሕግ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ነፍሰ ገዳይ አንለውም። መዝሙረኛው የአንበሳ ግልገሎች የሚበሉትን ከእግዚአብሔር እንደሚሹ ይናገራል (መዝ. 104፥21)፤ ጌታ አንበሳን አይንቀውም። ደግሞም ጳውሎስ ፍጥረት ሁሉ በምጥ እንደሚኖር ያስተምረናል (ሮሜ 8፥22)፤ ኢሳይያስም አንበሳ ከጥጃ ጋር የሚሰማራበትን ቀን ያሳየናል (ኢሳ. 11፥6-7)። ስለዚህ አሁን በሜዳው የምናየው የፍጥረት የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ጥንቃቄ አለ። «ተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል ለሰው ማመካኛ አይሆንም። አንበሳው የሌላውን ልጅ ማጥፋቱ ተፈጥሮው ነው፤ ሰው ግን በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ነው፤ ስለዚህ ይጠየቃል።

በዙፋን ዙሪያ ያሉ አንበሶች

መጽሐፍ ቅዱስን በዚህ ዓይን ስናነብ የአንበሳ ሕግ ብዙ ጊዜ በሰው መካከል ሲሠራ እናያለን። ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች ወደ ወንዝ እንዲጥሉ አዘዘ። ጎቶልያ ልጇ አካዝያስ በሞተ ጊዜ ተነሥታ የንጉሡን ዘር አጠፋች። ሄሮድስ በቤተ ልሔም ያሉትን ሕፃናት አስገደለ። ሦስቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ አድጎ ቦታዬን ይወስዳል ብለው ሰጉ።

በሦስቱም ታሪኮች ልጁን ያዳነው ማን እንደሆነ ደግሞ ተመልከቱ። ሙሴን ያዳኑት አዋላጆቹ፣ እናቱ፣ እኅቱና የፈርዖን ልጅ ናቸው (ዘጸ. 1-2)። እርስ በርስ ቃል ኪዳን ሳይገቡ፣ አንዳቸው ካቆመችበት ሌላዋ ቀጠለች። ሕፃኑን ኢዮአስን ከጎቶልያ እጅ ያስጣለችው አክስቱ ዮሳቤት ናት (2ነገ. 11፥1-3)። የካህኑ የዮዳሄ ሚስት ነበረች (2ዜና 22፥11)። በእግዚአብሔር ቤት ስድስት ዓመት ሸሸጉት። ይህች ሴት በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ስብከት አልሰበከችም፤ የዳዊት ዘር የቀጠለው ግን እርስዋ በሸሸገችው ሕፃን በኩል ነው።

ጌታችንን ከሄሮድስ ሰይፍ ያሸሸው ደግሞ ዮሴፍ ነው። ከእርሱ ያልተወለደውን ሕፃን በሌሊት ይዞ ወደ ግብፅ ሄደ (ማቴ. 2፥13-14)። ዮሴፍ ለዚህ ልጅ አገሩን ተወ፤ ስሙን ሰጠው፤ ሙያውንም አስተማረው። ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ (ራእ. 5፥5) ያደገው በአሳዳጊ አባት ቤት ነው። የአንበሳው ሕግ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው።

«ልጄን እናቴ ጋ ልተወው?»

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከባለቤቴ ጋር ለጋብቻ የሚዘጋጁ ሰዎችን ስናማክር ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ባሏ የሞተባት ወይም የተለያት እኅት እንደገና ልታገባ ነው። «ልጁን ግን አገር ቤት እናቴ ጋ ልተወው፤ እርሱ ልጅ ይዘሽ አትምጪ አለኝ» ትላለች። አንዳንዷ ይህን የምትለው እያለቀሰች ነው፤ ሌላዋ ነገሩ የተለመደ ስለሆነ ድምፅዋን እንኳ አትለውጥም። በወንዶችም በኩል ይኸው አለ። አዲሲቱ ሚስት የቀድሞውን ልጅ በቤቷ አልቀበልም ስትል አባትየው ዝም ይላል።

ወንድሜ ሆይ፣ ሴትን ወድጄ ልጇን አልፈልግም ማለት የማን ሕግ እንደሆነ አሁን አይተሃል። አንተ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ የተሰጠህ አንበሳ አይደለህም። የሌላውን ልጅ ብታሳድግ ዘመንህ አይባክንም። እኛ ሁላችን ወደ እግዚአብሔር ቤት የገባነው በጉዲፈቻ ነው (ኤፌ. 1፥5)። በሰማይ ባለው አባት ዘንድ የእንጀራ ልጅ ሆነን ቢሆን ኖሮ የት እንወድቅ ነበር?

እዚህ ላይ ፍርደኛ እንዳልሆን እወዳለሁ። የእንጀራ ልጆቻቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ብዙ አባቶችና እናቶች በመካከላችን አሉ። ልጁን ለአያት መተው ለልጁ የሚሻልበት ጊዜም አለ። የሚለየው ጥያቄ «ይህን የምናደርገው ለልጁ ብለን ነው ወይስ እርሱን ከዓይናችን ለማራቅ?» የሚለው ነው።

ለቤታችን

1. ከጋብቻ በፊት ስለ ልጁ በግልጽ ተነጋገሩ። የት እንደሚተኛ፣ ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው፣ ማን እንደሚቆጣው ሳይቀር ተወያዩ። «ከገባን በኋላ ይስተካከላል» ብሎ ማለፍ ሸክሙን በልጁ ላይ መጣል ነው።

2. ልጁ «አባዬ» እንዲል አትቸኩሉበት። ደቦሎች አባታቸውን የሚያውቁት በየሌሊቱ ከሰሙት ድምፅ ነው። ልጅም ቃላችሁ የታመነ መሆኑን እየሰማ ሲኖር ይለምዳችኋል። ስለ ወለደው አባቱም በፊቱ ክፉ አትናገሩ።

3. ብቻዋን የምታሳድግ እናት ብቻዋን አትሁን። ባልዋ የሞተባት፣ የተተወች፣ ወይም ልጆቿን ለእኅቷ ትታ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሄደች እናት በየአጥቢያችን አለች። በየሳምንቱ አንድ ቀን ልጆቿን ከልጆቻችሁ ጋር ምሳ አብሉ፤ የቤት ሥራቸውን ተመልከቱ። ወላጆች የሌሏቸውንና መበለቶችን መጠየቅ ንጹሕ አምልኮ ነው (ያዕ. 1፥27)።

4. አባቶች ሆይ፣ በስፍራችሁ ቆዩ። የአባት መኖር ብቻውን ብዙ ክፉ ነገር ከደጅ ይመልሳል። ጉልበታችሁ ሲደክም አብሯችሁ የሚቆም፣ እናንተ ባትኖሩም ልጆቻችሁን እንደ ባዕድ የማያይ ወንድም በጌታ ይኑራችሁ።

5. ልጅ በቤት ውስጥ ሲደበደብ ወይም ሲደፈር «ጉዳችን አይውጣ» አትበሉ። ይህ ጸሎት ብቻ የሚበቃው ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ልጁን ከአደጋው አውጡት፤ ለሚታመን መሪና ለሕግም አሳውቁ። ዮሳቤት ከቤተ መንግሥቱ ክብር ይልቅ የሕፃኑን ነፍስ አስቀድማለች።

የዱር አንበሶች ቁጥር ዛሬ በአፍሪካ ሁሉ ከ20 እስከ 25 ሺህ ያህል ብቻ እንደሚሆን ይገመታል። በአገራችንም በባሌ፣ በጋምቤላና እ.ኤ.አ. በ2016 መኖራቸው በተረጋገጠበት በአልጣሽ ይገኛሉ። ዛሬ ሌሊትም በአንድ ቁጥቋጦ ሥር አንዲት እናት ጆሮዋን አቅንታ የሩቁን ግሳት እያዳመጠች ይሆናል። እርስዋ የተሰጣትን ታደርጋለች፤ እኛ ከዚያ የሚበልጥ ተሰጥቶናል። የድሀ አደጎች አባት የሆነው እግዚአብሔር (መዝ. 68፥5) በራችንን ከውስጥ እንድንከፍት ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።

በቤተሰብ ለመወያየት

• ዘጸአት 2፥1-10ን አንብቡ። ሙሴን ለማዳን ስንት ሰዎች ተባበሩ? እያንዳንዳቸው ምን አደረጉ?
• በአጥቢያችን ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ማን ናት? በዚህ ወር ምን ልናደርግላት እንችላለን?
• በቤታችን ወይም በዘመዶቻችን ቤት «የእንጀራ ልጅ» እየተባለ የሚጠራ ልጅ አለ? በስሙ ብንጠራው ምን ይሰማዋል?
• ልጆች፣ እስቲ ንገሩን፤ በዚህ ቤት ውስጥ የማን ድምፅ ሲሰማ ነው ተረጋግታችሁ የምትተኙት?